የታካሚ መብት በእስራኤል እንዴት መጣ? ከጭርት ልጆች እስከ 1996ቱ ሕግ

በኢየሩሳሌም የሚኖር ወይም ለጉዳይ ወደዚያ ብቅ የሚል ወገናችን ሁሉ አንድ ቀን ኢትዮጵያ መንገድን ሳይረግጥ አይቀርም። አንዱ የአገሩን ስም በዕብራይስጥ ፊደል በግድግዳ ላይ ተጽፎ ለማየት ይመጣል። ሌላው ዕብራይስጥን የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የፈጀው ኤልዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበትን ቤት ለማየት ይመጣል። በአጥር ውስጥ ያለው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተፈጸመ ነው፤ መንገዱም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ከዚያ ጥቂት ሄዶ ወደ ነቢያት መንገድ የወጣ ሰው ግን በግራና በቀኝ የቆሙት ትልልቅ የድንጋይ ሕንጻዎች ምን እንደነበሩ የሚነግረው አያገኝም። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ነበሩ። ዛሬ የሃዳሳ ኮሌጅ የሆነው በ1888 የተከፈተው የሮትሽልድ ሆስፒታል ነው፤ በ1918 በሃዳሳ እጅ ገባ። ዛሬ የአንግሊካን ትምህርት ቤት የሆነው ግቢ በ1897 የተሠራ የእንግሊዝ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር የገባበት ባለ ማማ ሕንጻ ደግሞ የጣልያን ሆስፒታል ነበር። በ1948ቱ ጦርነት ወደ ስኮፐስ ተራራ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ሃዳሳ ሕሙማኑን ይዞ ወደ ከተማው ወረደና በዚህ አካባቢ በተከራያቸው ቤቶች ተበታትኖ ይሠራ ጀመር። በዓይን ካሬም ያለው ትልቁ ሆስፒታል የተከፈተው በ1961 ነው።

ከነቢያት መንገድ ወረድ ብሎ በሩሲያ ግቢ ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ 1992 ድረስ ተቀምጦ ነበር። ሆስፒታሉና ችሎቱ በእግር ብዙ አይራራቁም ነበር ማለት ነው። ሆኖም በሆስፒታል የተጎዳ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ደርሶ የሚሰማው ጆሮ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ ለመጻፍ ያሰብኩት ስለዚህ ጉዞ ነው።

ይህን ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመቻ ሰሎሞን ከመጣሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ጎረቤታችንን፣ እማማን፣ ይዤ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ዕብራይስጤ የኡልፓን ዕብራይስጥ ነው። ሐኪሙ እየጻፈ ይናገራል፣ እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ እማማ ደግሞ ሐኪሙ ቃሉን ባሳረፈ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ እንደ ማለት ብለው «እሺ ልጄ፣ እሺ» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት መጣና በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ለመሆኑ ሰውዬው ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የፈረሙት አንገታቸው ተከፍቶ እንቅርታቸው እንዲወጣ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በደኅና አለፈ፤ ስለዚህም ማንም የጠየቀ የለም። ቢበላሽ ኖሮስ? በእኛ ዘንድ «እሺ» ማለት አክብሮት ነው፤ ሰምቻለሁ፣ አላቋርጥህም ማለት ነው። በሐኪሙ መዝገብ ውስጥ ግን «ታካሚዋ ተስማምታለች» ተብሎ ይሰፍራል። ይህን ልዩነት አገሪቱ እስክታውቀው ድረስ ብዙ ሰው ተጎድቶበታል። ከእኛም በፊት የተጎዱ አሉ።

በ1948 አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመንና ከሌላውም አገር በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ገባ። ከልጆቻቸው መካከል የራስ ጭርት የያዛቸው ብዙዎች ነበሩ። በእኛ አገር አንዳንዱ ላሽ ይለዋል፤ በዕብራይስጥ ጋዜዜት ነው። የልጅን ጠጉር በየቦታው የሚያራግፍ፣ በማበጠሪያና በቆብ ከልጅ ወደ ልጅ የሚጋባ ሕመም ነው እንጂ የሚገድል አይደለም። በዚያን ዘመን ግን ይህን በሽታ ከውስጥ የሚያጠፋ የሚዋጥ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። የታወቀው ሕክምና ራጅ ነበር። የልጁ ራስ ይላጫል፤ ራሱ በአምስት አቅጣጫ ተከፍሎ እያንዳንዱ ወገን በተራው ጨረር ይወርድበታል፤ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠጉሩ ከነሥሩ ይረግፋል፤ የቀረውን በትኩስ ሰም ይነቅሉታል። በሽታውም ከጠጉሩ ጋር ይወጣል።

ሕክምናው በሐይፋ አጠገብ በነበረው በሻዓር ሃዓሊያ የመቀበያ ካምፕ፣ በቴል ሃሾሜርና በኢየሩሳሌም በሃዳሳ ይሰጥ ነበር። ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ፤ ወላጆች በውጭ ይጠብቃሉ። ጨረሩ ምን እንደሆነ፣ ወደፊት ምን ሊያመጣ እንደሚችል በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸው አልነበረም። ቢያስረዷቸውም ኖሮ በካምፕ ድንኳን ውስጥ የሚኖር፣ ዕለት እንጀራውን ከባለሥልጣን እጅ የሚጠብቅ አዲስ ገቢ «አይሆንም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ያገኛል? ይህን ጥያቄ እኛ መጠየቅ አያስፈልገንም፤ መልሱን እናውቀዋለን።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሐኪሞቹ ልጆቹን ሆን ብለው ለመጉዳት ተነሡ የሚል ወሬ በየቡናው ይሰማል። እኔ አልቀበለውም። ይህ ሕክምና ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲሠራበት የኖረ ነው። በኒው ዮርክ ከሁለት ሺህ በላይ ልጆች በዚሁ መንገድ ታክመዋል፤ በዩጎዝላቪያ በ1950ዎቹ በዩኒሴፍ እርዳታ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ጨረሩን ተቀብለዋል። ቁጥሩን በእስራኤል መቶ ሺህ የሚያደርሱም አሉ። በጥናት ስማቸው ተመዝግቦ የተከታተሏቸው ወደ 11 ሺህ ናቸው፤ በአገሩ ውስጥ የታከሙት በጠቅላላው ወደ 20 ሺህ ይገመታሉ። ሀያ ሺህ ልጅ ትንሽ ነውን? የደረሰው በራሱ ይበቃል፤ የሚያጋንነው ሰው ለተጎዱት ውለታ አይውልላቸውም።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ግሪሴኦፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ተገኘና ራጁ ቀረ። ልጆቹም አደጉ፣ ወታደር ሆኑ፣ አገቡ። ከዚያም አንዳንዶቹ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር።

ይህን ነገር ወደ ብርሃን ያወጣው በቴል ሃሾሜር ይሠራ የነበረው ፕሮፌሰር ባሩክ ሞዳን ነው። ሞዳንና ባልደረቦቹ የድሮዎቹን የሕክምና መዝገቦች አውጥተው ጨረር ከወረደባቸው ልጆች ጎን ጨረር ያልነካቸውን የገዛ ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን አስተያዩ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ፣ በአንድ ቤት የበሉና የጠጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ራጁ ብቻ ነበር። በ1974 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ውጤቱ ታተመ። ጨረሩን በተቀበሉት ላይ የአንጎል ዕጢና የእንቅርት ነቀርሳ በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ዓለም ስለ ራጅ አጠቃቀም ካወቀው ነገር ጥቂት የማይባለው ከእነዚህ ልጆች ራስ የተገኘ ነው።

እንግዲህ የተጎዳ ሰው ምን ያደርጋል? ይከሳል። በምን ሕግ?

በእስራኤል የሐኪም ጥፋት የሚዳኝበት ሕግ መሠረቱ እንግሊዞች አገሩን ይገዙ በነበረ ጊዜ በ1944 አውጥተውት በ1947 በሥራ ላይ የዋለው፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ በደል የሚናገረው ድንጋጌ ነው። በዚህ ሕግ ከሳሹ ጉዳት እንደደረሰበት ብቻ ማሳየት አይበቃውም፤ ሐኪሙ ቸልተኛ እንደነበረ፣ ይኸውም አንድ አስተዋይ ሐኪም በዚያን ጊዜ ያደርገው የነበረውን እንዳላደረገ ማስረዳት አለበት። የጭርቱ ልጆች የተሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አስተዋይ የተባለው ሐኪም ሁሉ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነበረና! በዚያ ላይ በ1958 የወጣው የይርጋ ሕግ የክስን ጊዜ በሰባት ዓመት ይወስነዋል፤ የአንጎል ዕጢ ግን ሃያ ዓመትና ሠላሳ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። የብዙዎቹም የሕክምና ካርድ የት እንደገባ አይታወቅም።

በአገራችንም ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1960 (በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም.) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራንና ሕክምናን እንቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በቁጥር 2031 ደግሞ የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ ባለመጠበቅ ጥፋት ቢሠራ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ነገር ግን በወገራ ወይም በስሜን ያለ ገበሬ ይህን ቁጥር ከማን አፍ ይሰማል? ወጌሻ አጥንት አጣሞ ቢጠግን ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። ሐኪም ቤት ገብቶ የሞተ ሰው ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር ነው። ይህን ልማድ ከዕቃችን ጋር ይዘነው መጥተናል።

ወደ ጭርቱ ልጆች ልመለስ። በፍርድ ቤት በኩል ያልተከፈተላቸው በር በክኔሴት በኩል ተከፈተ። በ1994 የጭርት ተጎጂዎች የካሣ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1946 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1960 ባለው ጊዜ ውስጥ በመንግሥት፣ በሶክኑት፣ በኩፓት ሆሊም ወይም በሃዳሳ ለጭርት ጨረር የተሰጠው ሰው፣ ከሕክምናው የመነጨ ሕመም ካለበት፣ የማንንም ቸልተኝነት ማስረዳት ሳያስፈልገው ካሣ ያገኛል። የአካል ጉዳቱ መጠን ከመቶ 5 ጀምሮ ከ40 በታች ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ፣ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወር በወር አበል አለው። የሞተም ከሆነ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የሚደርስ ድርሻ አለ። የሚከፍለው ቢቱዋህ ሌኡሚ ነው።

«ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ማን ተጎዳ?» ብሎ የሚጠይቅ የካሣ ሥርዓት በዓለም አዲስ አልነበረም። ኒውዚላንድ በ1974፣ ስዊድን በ1975 በየራሳቸው መንገድ ጀምረውታል። እስራኤልም ራሷ በ1975 ለመኪና አደጋ፣ በ1989 ደግሞ ክትባት ለጎዳቸው ሰዎች ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። በሌላው የሕክምና ጉዳት ግን አሮጌው ደንብ እንደ ጸና ነው፤ የተጎዳው ሰው ጥፋቱን ማስረዳት አለበት። እንደ እኔ አስተያየት የ1994ቱ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ከሞዳን ጽሑፍ እስከ ሕጉ ሃያ ዓመት አልፏል። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ የተቀበሩትን ማን ይመልሳቸዋል?

ካሣ ጠያቂው ጨረር የተሰጠው ስለመሆኑ የሚወስን የባለሙያዎች ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ማስረጃ ይጠይቃል። በምንኖርበት ሕንጻ አንዲት ከሞሮኮ የመጡ ባልቴት አሉ፤ ሻሽ ሳያስሩ በር ላይ እንኳ አይወጡም። አንድ ቀን ቡና ጠጥተን ሲጨዋወቱ የሚያስታውሱት የሰሙን ሽታና እናታቸው ከአጥር ውጭ ቆማ የምታለቅሰውን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ወረቀት ባመለከቱ ጊዜ ተጠየቁ። «ወረቀት የለኝም፣ ራሴ ይኸው» ብለው ሻሻቸውን ፈቱላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጡን የወረቀት ታሪክ ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ የሚጻፈው ነገር የማን ነው የሚለው። በ1995 ከሃዳሳ ዓይን ካሬም የመጣ አንድ ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሆስፒታሉ ስለ ደረሰ ጉዳት በውስጥ ኮሚቴ አስመርምሮ ነበርና ሪፖርቱ ለከሳሾቹ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ነው። የሆስፒታሎች ክርክር ቀላል የሚባል አልነበረም፤ ሐኪም የተናገረው ነገር ነገ በፍርድ ቤት የሚወጣበት ከሆነ ማንም ሐኪም እውነቱን ለኮሚቴ አይናገርም፣ ስሕተቱም ሳይታረም ይደገማል ይላሉ። ፍርድ ቤቱ ግን ሪፖርቱ ይሰጥ አለ።

ወዲያው የ1996 ዓመት ገባ። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ የሆነውን በዕድሜ ከፍ ያሉ አንባቢዎቻችን ያለ እኔ አስረጅነት ያስታውሱታል፤ አዲስ ገቢዎች ግን ሊያውቁት ይገባል። ከቤተ እስራኤል ልጆች የተቀዳው ደም፣ በኤድስ ፍርሃት ምክንያት፣ ለዓመታት በስውር ሲጣል መኖሩን ማዓሪቭ ጋዜጣ ገለጠ። ወጣቶቻችን፣ ብዙዎቹ በወታደር ልብስ፣ «ደማችሁን ለግሱ» ሲባሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጥተዋል፤ ተመስግነዋል፤ ደሙ ግን ተደፍቷል። በዚያው ሳምንት በሺዎች የምንቆጠር ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፍን። ድንጋይም ተወረወረ፣ ውኃና ጭስም ተረጨ፣ ከፖሊስም ከእኛም ወገን ብዙ ሰው ቆሰለ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን ሊቀ መንበርነት አጣሪ ኮሚቴ አቆመ። ደም ለጋሽ በሽተኛ አይደለም፤ ሆኖም ቁስሉ ከጭርቱ ልጆች ጋር አንድ ነው፦ በገዛ አካልህ ስለተደረገው ነገር አልተነገረህም።

በዚሁ ዓመት በሜይ ወር ክኔሴት የታካሚ መብት ሕግን አወጣ። ሕጉ ለዓመታት ሲረቀቅ የኖረ ነውና ከእኛ ሰልፍ ተወለደ ማለት ስሕተት ይሆናል። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መገጣጠማቸው ለእኔ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሕጉ ምን ይላል? በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ፣ በመጣበት አገር ምክንያት በታካሚ ላይ አድልዎ ማድረግ የተከለከለ ነው። ሐኪሙ ስለ በሽታው፣ ስለሚሰጠው ሕክምና ጥቅምና አደጋ፣ ስለ ሕመሙ፣ ሌላ አማራጭ ካለም ስለ አማራጩ፣ በተቻለ መጠን አስቀድሞ፣ ታካሚው በበለጠ ሊረዳው በሚችል አኳኋን መንገር አለበት። እንደ ቀዶ ጥገና ላሉ ሕክምናዎች ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ታካሚው ሌላ ሐኪም የመጠየቅ፣ ሲመረመርም ክብሩና ምሥጢሩ የመጠበቅ መብት አለው። በየሆስፒታሉና በየኩፓት ሆሊሙ ስለ ታካሚ መብት የሚቆም አንድ ኃላፊ መመደብ አለበት፤ አቤቱታ የሚቀርበው መጀመሪያ ለእርሱ ነው። የካርዱንም ግልባጭ ማንም ታካሚ ጠይቆ ሊወስድ ይችላል። ስለ ኮሚቴዎቹም ሕጉ መካከለኛ መንገድ ያዘ። በአንድ ታካሚ አቤቱታ ወይም ጉዳት ላይ የሚቀመጥ አጣሪ ኮሚቴ የደረሰበትን ውጤት ለታካሚው ይሰጣል፤ የሥራን ጥራት ለማሻሻል የሚቀመጠው ኮሚቴ ንግግሩ ግን ዝግ ነው። አንዳንድ ጠበቆች ሆስፒታሎች ሁሉንም ነገር «ጥራት» ብለው ሊደብቁ ይችላሉ ሲሉ ያማርራሉ። ሐኪሞቹም በበኩላቸው ያማርራሉ። ሁለቱም ካማረሩ ምናልባት ሚዛኑ ብዙ አልተዛባም።

ካርድን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሲወለድ ተጎድቶ ከሆነ የይርጋው ሰባት ዓመት የሚቆጠረው 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ ስለዚህ እስከ 25 ዓመቱ ድረስ ሊከስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን የወሊዱ ካርድ ከሌለ የጭርቱን ልጆች ዕጣ ያገኛል።

ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ የተፈታው በ1999 ነው። በሐይፋ በካርሜል ሆስፒታል አንዲት ሴት እግሯን ለመታከም ገብታለች። የማስታገሻ መድኃኒት ተሰጥቷት በቀዶ ጥገናው ክፍል ተኝታ ሳለ ከትከሻዋ ናሙና እንዲወሰድ የሚል ወረቀት አስፈረሟት። ከዚያ በኋላ ትከሻዋ እንደ ድሮው አልሆነም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያ ፊርማ ስምምነት አይባልም አለ። አስቀድሞ በደንብ ቢያስረዷት ኖሮ ልትስማማ ትችል እንደነበር ገምቶ የትከሻዋን ጉዳት ካሣ አልሰጣትም፤ ነገር ግን በገዛ አካሏ ላይ የመወሰን መብቷ ስለተነካ ብቻ 15,000 ሼቄል ፈረደላት። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገሩ ግን ትልቅ ነው፤ ከዚያ በፊት ይህ መብት ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለት አያውቅም ነበርና።

ይህ ሁሉ ከሆነም በኋላ ደግሞ የመርፌው ጉዳይ መጣ። በ2012 መጨረሻ በትምህርት ቴሌቪዥን በቀረበ ዝግጅት ከእኛ ወገን የሆኑ ሴቶች በኢትዮጵያ በመጠባበቂያው ካምፕና እዚህም ከገቡ በኋላ ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለውን፣ ለሦስት ወር ፅንስ የሚከላከለውን መርፌ፣ በደንብ ሳይገለጽላቸው እንደወሰዱ ተናገሩ። አንዳንዶቹ ክትባት መስሏቸው ነበር። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከጻፉ በኋላ በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዲሬክተር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱም ኩፓት ሆሊሞች ደብዳቤ ላከ፤ የሕክምናውን ትርጉም ላልተረዳች ሴት፣ ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ የመጣች ብትሆን፣ መርፌው እንዳይታደስላት አዘዘ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው መርፌው በግዴታ ለመሰጠቱ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ፤ ሴቶቹን ራሳቸውን ቀርቦ አልጠየቀም ተብሎም ተነቀፈ። በግድ ነበር፣ በግድ አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ያ የጋምዙ ደብዳቤ ይናገራል ባይ ነኝ። የ1996ቱ ሕግ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ «ታካሚዋ መረዳቷን አረጋግጡ» ብሎ መጻፍ ያስፈለገው ለምንድን ነው?

መልሱ ይመስለኛል ቋንቋ ነው። ለረዥም ጊዜ በየክሊኒኩ አስተርጓሚያችን የገዛ ልጆቻችን ነበሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ስለ ማኅፀን እንዴት ይተረጉማል? እናቲቱም በልጇ ፊት ምኑን ትናገራለች? አማርኛችንም ራሱ ለሐኪም አይመችም። «ሆዴ ባባ» ያለ ሰው ሆዱ ይመረመራል፤ «ልቤን ፍርፍር አደረገኝ» ያለም ወደ ልብ ሐኪም ይላካል። በ1998 የተመሠረተው ቴኔ ብሪኡት የተባለው ድርጅት ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ደክሟል። ስሙ በዕብራይስጥ ቅርጫት ማለት ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን ጤና ነው። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ታካሚው በሚረዳው ቋንቋና ለባህሉ በሚስማማ አኳኋን እንዲሰጡ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

እማማን ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሜ ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሐሞት ከረጢታቸው ነው። ሐኪሙ ተናገረ፣ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው «እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉ። በዚህ ጊዜ ዕብራይስጤ ጠንክሯል። ለሐኪሙ፣ «እሺ ማለት ሰምቼሃለሁ ማለት ነው፤ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና ወንበሩን ሳብ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። በወረቀት ላይ ጉበቱን፣ ከረጢቱን፣ በውስጡም ጠጠሮቹን ሳለላቸው። እማማ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ታዲያ ይኼ ነገር እስከ ፋሲካ ማግሥት ቢቆይ ይገድለኛል ወይ?» ብለው ጠየቁ። እንደማይገድላቸው ነገራቸው። ለፋሲካ ማግሥት ቀጠሮ ተያዘላቸው፤ ሥዕሉንም ይዘውት ሄዱ።